የባሕር ዓሣ ለሻላ? መጀመሪያ ስለ እንቁላሉ ንገሩን

ሰሞኑን ካዛንቺስ አካባቢ በሚገኝ አንድ የሆቴል አዳራሽ ስለ ምግብ ዋስትና በተካሄደ ውይይት ላይ ከተናጋሪዎቹ አንዱ የሰነዘሩት ሐሳብ ከአዳራሹ ወጥቶ በሬዲዮ ውይይቶችና በማኅበራዊ መገናኛ ገጾች ሲራገብ ሰንብቷል። ሐሳቡ ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ የባሕር ዓሣ ለመብላት የባሕር በር እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በሌላው ዓለም የባሕር ዓሦች መውጫ በሌላቸው ሐይቆች ውስጥ መኖርን ስለለመዱ፣ እኛም ጨዋማዎቹን ሻላንና አብያታን በባሕር ዓሣ ልንሞላቸው እንችላለን። ለማስረጃነት የኒካራጓ ሐይቅ ሻርክ፣ የሚቺጋን ሐይቅ ሳልመንና የአላስካ ሐይቆች ስቲክልባክ ተጠርተዋል። አዳራሹ አጨብጭቧል፤ የመድረኩ መሪም ጉዳዩን የሚያይ አጥኚ ቡድን እንዲቋቋም አሳስበው ስብሰባው ተዘግቷል።

ሐሳቡ መነሣቱ አላስቆጣኝም፤ በየስብሰባው ብዙ ሐሳብ ይነሣል፣ ከምሳ በኋላም ይረሳል። ያስቆጣኝ ጭብጨባው ነው። ከዚያ አዳራሽ አራት ኪሎ እስከሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ግቢ ያለው መንገድ በታክሲ እንኳ ብዙ አያስኬድም፤ በዚያ ግቢ የኢትዮጵያን ዓሦች በማጥናት ዕድሜያቸውን የገፉ ሊቃውንት ወጥተውበታል። ከእነርሱ አንዱን ጠርቶ አንዲት ጥያቄ ማቅረብ የሻይ ዕረፍቱን ያህል ጊዜ ባልወሰደ ነበር። ስለ ባሕር በር የሚሰማን ቁጭት የቱንም ያህል የጋለ ቢሆን፣ ስለ ዓሣ አካል አሠራር ማወቅ የሚገባንን ሊተካልን አይችልም።

ከሦስቱ ማስረጃዎች ደካማውን ላስቀድም፤ ከሁሉ ይልቅ የተጨበጨበለት እርሱ ነበርና። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተፈጥሮ ተመራማሪዎች በኒካራጓ ሐይቅ ውስጥ ሻርክ ሲያገኙ፣ ከባሕር ተቆርጦ በሐይቁ የቀረ ራሱን የቻለ ዝርያ መስሏቸው ለብቻው ሳይንሳዊ ስም አወጡለት። ይህ እምነት ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆየ። በ1960ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ዓሣው በሞቃት ባሕሮች ዳርቻ ከሚገኘው ቡል ሻርክ የማይለይ መሆኑ ታወቀ፤ አሜሪካዊው ቶማስ ቶርሰንም ሻርኮቹን ምልክት እያሰረ ሲለቅቅ፣ በወንዙ መድረሻ፣ በካሪቢያን ባሕር ዳር ምልክት የታሰረባቸው ሻርኮች ሐይቁ ውስጥ ተያዙ። በሳን ሁዋን ወንዝ ሽቅብ እየዋኙ ይገባሉ፣ ቁልቁል ይወጣሉ። እንግዲህ ይህ ሻርክ ባሕሩን ትቶ ሐይቅ የለመደ ሳይሆን ሁለቱንም የያዘ መንገደኛ ነው። ሻላ ወደ ባሕር የሚያደርስ ወንዝ ቀርቶ ምንም ዓይነት መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተሻረን ግምት ዛሬ አቧራውን አራግፎ ለፖሊሲ መነሻ ማድረግ፣ በትሕትና ለመናገር፣ ንባብን መናቅ ነው።

የሳልመኑ ነገር ደግሞ ግማሹ ብቻ የተነገረ ታሪክ ነው። ሳልመን የሚፈለፈለው ጨው በሌለበት ወንዝ ውስጥ ነው፤ ወደ ባሕር ወርዶ ያድግና እንቁላሉን ለመጣል ወደ ወንዝ ይመለሳል። የሚቺጋን ግዛት በ1966 ኮሆ የተባለውን፣ በማግሥቱ ዓመትም ቺኑክ የተባለውን የፓስፊክ ሳልመን ሲለቅቅ፣ ዓሦቹ የኑሯቸውን የባሕር ምዕራፍ በሰፊ ቀዝቃዛ ሐይቅ ተኩ እንጂ የመራቢያ ውኃቸውን አልለወጡም። ለምን እንደተለቀቁም መጠየቅ ደግ ነው። አልዋይፍ የተባለ የሄሪንግ ዘመድ ከአትላንቲክ በኩል በዌላንድ ቦይ ሾልኮ ገብቶ ሐይቁን ወርሮት ስለነበር፣ ሳልመኑ የመጣው እርሱን እንዲበላ ነው፤ በ1967 የአልዋይፍ ሬሳ በሚቺጋን ዳርቻዎች በገፍ ተቆልሎ ከተሞችን አግምቷል። ተናጋሪው እንደ ድል የቆጠሩልን ሳልመን አንድ የባሕር መጤ ያመጣውን መዘዝ ለማብረድ የተጠራ ሁለተኛ መጤ መሆኑን አንድም ሰው በአዳራሹ አላነሣም።

ስቲክልባክ ግን በእርግጥ ድንቅ ፍጥረት ነው። በጀርባው ሦስት እሾኽ ያለው ይህ ዓሣ ከጣት ብዙም አይረዝምም። ከ10 ሺህ ዓመታት በፊት የበረዶው ዘመን አብቅቶ ግግሩ ሲያፈገፍግ በሰሜኑ ዓለም በተፈጠሩ ሐይቆች ገብቶ ቀርቷል፤ በባሕር ሳለ ጎኑን ከላይ እስከ ታች የሚሸፍነው የአጥንት ጋሻም በአብዛኞቹ ሐይቆች ወደ ጥቂት ቁርጥራጭ ወርዷል። በአላስካ የሚገኘው ሎበርግ ሐይቅ በ1982 በመርዝ ከዓሣ ከጸዳ በኋላ፣ በ1990 ከባሕር የመጡ ስቲክልባኮች ተገኙበት፤ በቀጣዮቹ ሁለት አሥርት ዓመታትም ባለ ሙሉ ጋሻዎቹ እያነሱ ባለ ጥቂት ጋሻዎቹ እየበዙ ሲሄዱ ተመራማሪዎች ዓመት በዓመት ናሙና እየወሰዱ አይተዋል። ይህን የሰሙት ተናጋሪ የባሕር ዓሣ በአሥር በሃያ ዓመት ይለምዳል ብለው ደመደሙ። ሁለት ነገር ግን ዘለሉ። አንደኛ፣ ከባሕር የሚመጣው ስቲክልባክም እንደ ሳልመኑ ለመራባት ወደ ወንዝና ወደ ሐይቅ የሚወጣ ነው። ሁለተኛ፣ ጋሻ የሚያሳንሰው የዘር ቅጂ በሐይቁ ውስጥ እንደ አዲስ አልተፈጠረም፤ በባሕሩ መንጋ መካከል በጥቂት ዓሦች ውስጥ ቀድሞውኑ ነበር፤ ሐይቁ ያደረገው ምርጫ ነው፤ ምርጫውም የተካሄደው የማይሆኑትን በመግደል ነው። መላመድ የሚሉት ነገር ከዓሣው ፈቃድና ትጋት የሚመጣ የሚመስላቸው ሰዎች የሞቱትን አልቆጠሩም። ደግሞስ ከዚያ ሁሉ በኋላ የሚገኘው ዓሣ ኮተሌት አይወጣውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ እርሱም እንቁላሉ ነው።

የባሕር ዓሣ የሚኖረው ከራሱ ደም በጨው በሚበልጥ ውኃ ውስጥ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ 35 ግራም ገደማ ጨው ሲይዝ፣ የአብዛኞቹ አጥንታም ዓሦች ደም የዚያን ሲሶ ያህል ቢይዝ ነው። ስለዚህ ባሕሩ ከዓሣው ሰውነት ውኃ ሲመጥ ይውላል፤ ዓሣውም ባሕሩን እየጠጣ፣ ትርፉን ጨው በመተንፈሻ ስንጥቡ ሕዋሳት በኩል እያስወጣ፣ ሽንቱን እየቆጠበ ይኖራል። የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ኑሮ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ውኃው ሳይጠጣው ወደ ሰውነቱ ይገባበታል፤ እርሱም በብዛት እየሸና፣ ከውኃው ውስጥ ያለችውን ጥቂት ጨው በስንጥቡ እየለቀመ ይኖራል። አንዳንድ ዓሦች ይህን ሥራ እንደ አስፈላጊነቱ መገልበጥ ይችላሉ፤ ለዚህም ነው አንድ ጎልማሳ የባሕር ዓሣ በሌላ ውኃ ውስጥ ተለቅቆ ሳይሞት ወራትን ወይም ዓመታትን ሊያሳልፍ የሚችለው። በየመድረኩ "ለመደ" እየተባለ የሚጨበጨብለት ብዙውን ጊዜ ይህ ነው፤ አንድ ትልቅ ዓሣ አልሞተም።

የሐይቅ ዓሣ ሆነ የሚባለው ግን በዚያው ውኃ ወልዶ፣ ልጁም በዚያው ውኃ ሲወልድ ነው። ብዙዎቹ ለገበታ የሚፈለጉ የባሕር ዓሦች እንቁላላቸውን በሰፊው ውኃ ላይ ይበትናሉ፤ እንቁላሉ የሚንሳፈፈው ውኃው ጨዋማና ከባድ ስለሆነ ነው፤ ጨው ባነሰ ውኃ ይሰምጣል። የወንዱ ዘርም ከሰውነት ወጥቶ መዋኘት የሚጀምረው የባሕሩን ጨዋማነት ሲያገኝ ነው፤ ያንን ካላገኘ ባለበት ይቀራል። ከእንቁላሉ የሚወጣው ጮጬ ደግሞ ስንጥቡም ኩላሊቱም ገና ያልጠና ስለሆነ ወላጁ የሚቋቋመውን ውኃ እርሱ አይቋቋመውም። እንግዲህ አንድ የባሕር ዓሣ ሐይቅን ለመደ ለማለት የእያንዳንዱን ደረጃ ፈተና ማለፍ አለበት፤ የሚቺጋኑ ሳልመንና የአላስካው ስቲክልባክ ያለፉትም ይህ ፈተና ከመጀመሪያው ስላልተሰጣቸው ነው።

ምሳሌ ለማግኘት አላስካ ድረስ መሄድ አያሻም፤ የዓባይ ተፋሰስ ጎረቤታችን ግብፅ ትበቃለች። በፋዩም የሚገኘው የቃሩን ሐይቅ ከባሕር ጠለል ከ40 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የተኛ ነው፤ በጥንት ዘመን የዓባይ ጣፋጭ ውኃ ይገባበት የነበረ ሲሆን፣ ከጊዜ ብዛት ትነቱና ከመስኖ እርሻ የሚወርደው ፍሳሽ ጨዋማ አድርገውት የዓባይ ዓሦች ጠፉበት። ግብፃውያን ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምረው ሙሌት የተባለውን የሜዲትራንያን ዓሣ ጮጬ ከባሕር ዳር እያጠመዱ፣ እያጓጓዙ ሐይቁ ውስጥ ሲያፈስሱ ኖረዋል። ሙሌቱ ያድጋል፣ ይሰባል፣ ይሰገራል፤ መንጋውን የሚተካ ውላጅ ግን አይሰጥም። ስለዚህ በየጊዜው እንደገና ከባሕር ይመጣል። ሜዲትራንያን ደጃፏ ለሆነላት ግብፅ ይህ አድካሚ ቢሆንም የሚቻል ሥራ ነው። ባሕር ለሌላት አገር ግን ምን ማለት እንደሆነ የካዛንቺሱ ተናጋሪ አስበውታል? ከባሕር ጥገኝነት ያላቅቀናል የተባለው ዕቅድ ዓመት በዓመት ከሌሎች ባሕር ጮጬ እየገዙ፣ በውጭ ምንዛሪ እየከፈሉ፣ በኦክስጅን በተሞላ ከረጢት በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አስገብተው፣ በመኪና ወደ ስምጥ ሸለቆ ማውረድ ይሆናል። ወደብ ባይኖረንም እንችላለን ተብሎ የተጀመረ ንግግር በመጨረሻ ወደብ ካለው አገር ጮጬ በመለመን ላይ ሲያርፍ ማንም አላስተዋለም።

የቃሩን ታሪክ በዚህም አላበቃም። ከ2014 ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ዓሦች ስንጥብና አፍ ላይ ተጣብቆ ደም የሚመጥ የባሕር ጥገኛ ተባይ ተስፋፍቶ የአስጋሪውን ኑሮ አናግቶታል፤ የመጣውም ከባሕር ከሚጓጓዘው ጮጬ ጋር እንደሆነ ይታመናል። አባቶቻችን ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ያሉት ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም ከዚህ የበለጠ ቦታ አያገኝም።

ተናጋሪው ለዚህ ሁሉ መልስ ያላቸው ይመስላል፤ ሻላና አብያታ ጨዋማ ስለሆኑ የባሕር ዓሣ ቤቱ ይመስለዋል ብለዋልና። የባሕር ጨው በአብዛኛው ወጥ ውስጥ የምንጨምረው ጨው ነው፤ የሻላና የአብያታ ጨው ግን በአብዛኛው ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔትና ባይካርቦኔት ነው። በአብያታ ዳር የሶዳ አሽ ፋብሪካ የተተከለው ለጌጥ አይመስለኝም። በሶዳ ሐይቅ ውስጥ ካልሲየምና ማግኒዚየም ከካርቦኔቱ ጋር ተጣብቀው ስለሚዘቅጡ ከውኃው ውስጥ የሉም ለማለት ይቻላል፤ የባሕር ዓሣ ግን ሁለቱንም በገፍ ባለበት የኖረ ነው። የባሕር ውኃ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው) 8.1 ገደማ ሲሆን፣ የእነዚህ ሐይቆች ወደ 10 ይጠጋል፤ በዚህ መለኪያ የአንድ ቁጥር ልዩነት የ10 እጥፍ ልዩነት ነው። ዓሣ በሰውነቱ ውስጥ የሚፈጠረውን አሞኒያ በስንጥቡ በኩል ወደ ውኃው ያስወጣል፤ በእንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ ግን አሞኒያው መውጣት ይሳነዋል፤ ዓሣውም በገዛ ቆሻሻው ተመርዞ ይሞታል። በኬንያ ማጋዲ ሐይቅ የምትኖር አንዲት ትንሽ ቲላፒያ ይህን ያመለጠችው አሞኒያውን መርዛማነቱ አነስተኛ ወደ ሆነው ዩሪያ ቀይራ በማስወጣት ነው፤ እርሷም አፍሪካዊት የሐይቅ ዓሣ እንጂ የባሕር አይደለችም።

ሻላ ለዓሣ የማይመች መሆኑን ለማወቅ ቤተ ሙከራ እንኳ አያስፈልግም ነበር። ጥልቀቱ 266 ሜትር የሚደርሰው ይህ ሐይቅ በደሴቶቹ ላይ የፔሊካን መራቢያ ነበረ፤ ፔሊካኖቹ ግን በሻላ እየፈለፈሉ ምግባቸውን ፍለጋ ወደ አብያታ ይበርሩ ነበር፤ የሚበቃቸው ዓሣ የነበረው እዚያ ነውና። ያ ዓሣ የእኛው ቆሮሶ፣ ማለትም የዓባይ ቲላፒያ ነበር። የአብያታ ውኃ ለመስኖና ለሶዳ አሽ ሲቀዳ ሐይቁ ሸሸ፣ ጨዋማነቱ ናረ፣ ቆሮሶው አለቀ፣ ወፉም ተሰደደ። ለውኃው ከሁሉ ይልቅ የተዘጋጀው የአገሩ ዓሣ ያለቀበትን ሐይቅ ለባሕር እንግዳ ማጨት ከየት የመጣ ድፍረት ነው?

ሌሎች ሞክረውታል። በካሊፎርኒያ የሚገኘው ሳልተን ሲ የኮሎራዶ ወንዝ በ1905 ቦዩን ሰብሮ የሞላው መውጫ አልባ ሐይቅ ነው፤ ጨዋማነቱ ወደ ባሕር ውኃ ልክ ሲቃረብ ባለሥልጣናቱ ከ30 በላይ የዓሣ ዝርያዎችን ለቀቁበት። ከባሕር ዓሦቹ ጸንተው የተራቡት ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ለጥቂት አሥርት ዓመታት አስጋሪውን ካስደሰቱ በኋላ፣ ጨዋማነቱ ከባሕር እያለፈ ሲሄድ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከሐይቁ ጠፉ። ከእነርሱ በኋላ በሐይቁ ጸንቶ የቆየው ከአፍሪካ የሄደው ቲላፒያ ነው። እኛ የባሕር ዓሣ ስንመኝ የባሕሩን ዓሣ ያሸነፈው የቆሮሶ ዘመድ ነበር። መውጫ የሌለው ሐይቅ ዛሬ ያለበት የጨው ልክ ነገ ላይ እንደማይገኝ ሳልተን ሲም አብያታም አሳይተውናል፤ ባሕር ግን ልኩን በሚሊዮን ዓመታት ነው የሚለውጠው።

በካሪባ ሐይቅ የተሳካው የሳርዲን ዘመድስ የሚል ይኖራል። አዎን፣ በ1967 እና 1968 ከታንጋኒካ ሐይቅ ተወስዶ ተለቅቆ ዛሬ የዛምቢያና የዚምባብዌ ሕዝብ ካፔንታ እያለ የሚበላው ዓሣ ቅድመ አያቶቹ የባሕር ነበሩ፤ ከባሕር የተለዩት ግን ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ነው። ይህን ያህል ጊዜ የሚሰጠን በጀት ካለ እሰየው።

ባሕር ነክ ዘመድ ያለው የሐይቅ ዓሣ ማየት የሚሻ ሰው አፋር ክልል ይሂድ። አፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኝ፣ ከባሕር ብዙ እጥፍ ጨዋማ የሆነ ሐይቅ ነው፤ ቀይ ባሕር በአንድ ወቅት ወደ ደናክል ዝቅተኛ ምድር ገብቶ እንደነበር በዚያ በረሃ የደረቁት የኮራል ድንጋዮች ይመሰክራሉ። በሐይቁ ዳር በሚፈልቁት ፍል ውኃዎች አካባቢ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ የማይገኙ ሁለት ትንንሽ ዓሦች ይኖራሉ። አንደኛው በ1931 ለሳይንስ የታወቀ የቆሮሶ ዘመድ ነው፤ ሁለተኛውን በ2001 የገለጹት ከአራት ኪሎው ግቢ የወጡት አበበ ጌታሁንና አሜሪካዊው ባልደረባቸው ኬኔት ላዛራ ናቸው፤ የዚህኛው ዘመዶች ዛሬም በቀይ ባሕር ዳርቻ በጨዋማ ኩሬዎች ይዋኛሉ። በሺዎች ዓመታት የተካሄደው ምርጫ በገዛ አገራችን አለ። ከ1998ቱ ጦርነት ወዲህ የአሰብ ጨው ሲቀርብን የአገሪቱ ገበታ በአፍዴራ ጨው ላይ ወድቋል፤ የሐይቁ ውኃም ወደ ማድረቂያ ኩሬዎች ይቀዳል። ስለ ባሕር ዓሣ ያጨበጨበው አዳራሽ ምሳውን ያጣፈጠው ከዚያ በመጣ ጨው ሊሆን ይችላል፤ ስለዚያ ሐይቅ ዓሦች ግን አንድ ቃል አልተነገረም።

የአዲስ አበባ የዓሣ ፍላጎት እውነት ነው። በጾም ወራት ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ያሉ ምግብ ቤቶች ዓሣ ጉላሽና ለብለብ ሲያቀርቡ ዋጋው እንዴት እንደሚሰቀል ሁላችንም ከኪሳችን እናውቀዋለን። ያ ዓሣ የሚመጣው ግን ከዝዋይ፣ ከጫሞ፣ ከጣና ነው፤ የጣና ቢልጫዎች፣ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ ከአሥር የሚበልጡ ዝርያዎች፣ ወደ ወንዝ ለመራባት ሲወጡ በመረብ እየተዘጋባቸው ተመናምነዋል፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ከወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፎታል። ስለ ቢልጫ መራቢያ ወቅትና ስለ መረብ ዓይን ስፋት የሚደረግ ስብሰባ ጭብጨባ አያመጣም፤ ስለዚህም በሆቴል አዳራሽ አይጠራም።

አጥኚ ቡድኑ መቋቋሙ የማይቀር ከሆነ፣ ከጉዞና ከአበል በፊት በጽሑፍ የሚመልሳቸው ነገሮች አሉ። የትኛው ዓሣ ነው? እንቁላሉ ፒኤች 10 በሚጠጋ የሶዳ ውኃ ውስጥ ተፈልፍሎ ያውቃል ወይ? ካልተፈለፈለ ጮጬው በየስንት ዓመቱ፣ ከየትኛው ወደብ፣ በማን ገንዘብ ይገዛል? ጥገኛ ተባዩንስ ማን ይመረምራል? ከዚሁ ጋር አንድ ተጨማሪ ሰነድ ይውጣ፦ ወደ አብያታ ይወርድ የነበረውን ውኃ ከዝዋይ ሐይቅና ከቡልቡላ ወንዝ ማን፣ ምን ያህል እየቀዳ እንደሚወስድ የሚያሳይ፤ ያ ውኃ ቢለቀቅ ቆሮሶው ያለ አውሮፕላን ይመለሳል።